«ዘፈን ነው» የተባለበት ጠዋት

ይህን የምጽፈው አስታርቁኝ ብዬ አይደለም። አስታራቂ መጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ሻይ ጠጥቶ ሄዷል። የምጽፈው በብሎካችን የሆነውን ነገር ጎረቤቶቼ እንዳሻቸው ሲያወሩት ስለምሰማ ነው። «እኛ'ኮ በሩን ሰብረን አዳንናቸው» ይላሉ። በሩ እንዴት እንደተሰበረ እኔ ልንገራችሁ።

ስለ ራሴ ብዙ ማውራት አልወድም። ስሜ የሺመቤት ነው፤ ሰው የሺ ይለኛል። ጡረተኛ ነኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን እኖራለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ማዳም ማርጊት ይኖራሉ። ብሎኩ በሙሉ «ፈረንጇ» ነው የሚላቸው። አንድ ቀን ስማቸውን የጠየቀ የለም።

ማዳም የሃንጋሪ ሰው ናቸው። አባታቸው በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። በልጅነታቸው ባቡር ሲያልፍ ሐዲዱ ዳር ቆመው፣ ድምፃቸው ከባቡሩ በላይ እንዲሰማ ከእኩዮቻቸው ጋር እየተወራረዱ ይዘፍኑ እንደነበር ነግረውኛል። በኋላ ቡዳፔስት ተምረው ኦፔራ ቤት ገቡ። ኦፔራ ለማያውቅ፣ ሰዎቹ ንግግራቸውን ሁሉ በዜማ የሚሉበት ቴአትር ነው። ማይክሮፎን የለም። ሙሉ ኦርኬስትራ እየተጫወተ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ድምፅህን ማድረስ አለብህ። ማዳም መጀመሪያ ከኋላ ከሚቆሙት አጃቢዎች አንዷ ነበሩ። አንድ ምሽት የዋናዋ ዘፋኝ ጉሮሮ ተዘጋና እሳቸው ተተኩ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የእሳቸው ስም ነበር በትልቁ ተጽፎ በሩ ላይ የሚለጠፈው።

እዚያው ዶክተር በላይነህን አገኙ። የእንስሳት ሕክምና ሊማር የሄደ የኛ አገር ሰው ነው። ለጥቂት ጊዜ ብለው አብረው መጡ፤ አብዮቱ ፈነዳ፤ እሱ መውጫ ተከለከለ። «አንቺ ፈረንጅ ስለሆንሽ መሄድ ትችያለሽ» ተባሉ። «ያለ እሱ አልሄድም» አሉ። ቡዳፔስት ላይ ስማቸው ይለጠፍበት የነበረው በር ላይ የሌላ ሰው ስም ተለጠፈ። ታሪካቸው ይኸው ነው። ጎረቤቶቼ ግን «አገሯ ሥራ አጥታ ነው» ይላሉ።

ቤታቸው ብስራተ ገብርኤል ከእናቴ ቤት ጋር አጥር ይጋራ ነበር። እኔ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ውስጥ እዘፍናለሁ። አንድ ቀን ልብስ እያጠብኩ ሳንጎራጉር በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ «ልጅት፣ ድምፅሽን ለምን ታንቂዋለሽ?» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አስተማሩኝ። ከጉሮሮ ሳይሆን ከሆድ። ትከሻ ሳይነሳ። ከዓመታት በኋላ አንድ ነገር አብረን ሠራን፤ ዜማው የሳቸው፣ ግጥሙ የኔ። አንዲት እናት ማታ በር ላይ ቆማ ልጇን ስትጣራ ነው። በአማርኛ፣ ግን በዚያ በኦፔራው ድምፅ። እንዲህ ያለ ነገር በከተማው ማንም አልሞከረም ነበር።

የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ፈቀደ የሚባል ጎረምሳ ነበር። ያንን ዘፈን መድረክ ላይ ስለማመደው፣ ሰው ሁሉ ባለበት አስቆመኝ። «ቃሉ አይሰማም» አለ። «ሰፊው ሕዝብ የማይገባው ዘፈን የጠላት ዘፈን ነው። ውረጂ!» ወረድኩ። በዚያ ዘመን «ጠላት» የሚለው ቃል ምን እንደሚያስከትል በዕድሜ የገፋችሁ ታውቃላችሁ። እናቴ እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ፤ መዝፈኑን ተውኩት። ታይፒስት ሆንኩ። በዚያው ጡረታ ወጣሁ።

ይኸው ፈቀደ ዛሬ አቶ ፈቀደ ሆኖ የኛው ብሎክ አንደኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። እስከ ቅርብ ጊዜም የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር። መንግሥት ሲቀየር ሰው ወንበር ይለቃል፤ እሱን ግን ወንበሩ ራሱ ነበር የማይለቀው።

ብስራተ ገብርኤል የነበረው ሰፈራችን ሲፈርስ ዶክተር በላይነህ ሞቶ ነበር። ለማዳም ከኔ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ያለውን ቤት ያገኘሁላቸው እኔ ነኝ። በገቡ ማግስት ጠዋት እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ማሟሟቅ ጀመሩ። ብሎኩ ተገለበጠ። ወንዶቹ ዱላ ይዘው፣ ሴቶቹ በነጠላ ጫማ፣ ደረጃውን ወጡት።

«ባሏ እየገደላት ነው!» ይላል አንዱ።

«ባሏማ ሞቷል'ኮ!» ስል፣

«ታዲያ ማነው የሚገድላት?» ብሎ አፈጠጠብኝ።

ያኔ ስቄአለሁ። ቢያንስ ሮጠው መጥተዋል። አቶ ፈቀደ ግን ስብሰባ ጠርቶ፣ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ እንጂ ከዚያ ውጪ እንዳይዘፍኑ አስወሰነ። ማዳም እሺ አሉ። ሰዓቱን አንድ ቀን እንኳ አላሳለፉም።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልምጣ።

ክረምት ነበር። ፉሪ ያለችው እህቴ አሟት እዚያው አድሬ፣ ረፋዱ ላይ በሚኒባስ ተመለስኩ። ዝናቡ አላባራም። መብራት ጠፍቷል። ብሎካችን ጋ ስደርስ ሰው ደረጃው አፍ ላይ ተሰብስቦ ይስቃል። ከላይ የማዳም ድምፅ ይመጣል።

«እማማ የሺ፣ እንኳን መጡ!» አለችኝ ሰላም። ከማዳም ቤት ሥር የምትኖር ልጅ እግር እናት ናት። «ጓደኛዎ ዛሬ ለይቶላቸዋል። ቤቴን ቢያዩት! ዝናቡ ውጪ ሳይሆን እኔ ሳሎን ነው የዘነበው።»

«ምን ሆነ?»

መልሱን አቶ ፈቀደ ወሰደው። የፕላስቲክ ወንበር አስወጥቶ፣ ዣንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። «ወይዘሮ የሺ፣ ይምከሯቸው እንጂ። ጎህ ሳይቀድ ውሃ ለቀው የሰው ቤት አጥለቀለቁ። ልነግራቸው ወጥቼ ባንኳኳ፣ መክፈቱ ቀርቶ ዘፈኑን ጨመሩብኝ። ደግሜ ሳንኳኳ ደግመው ጨመሩ። ንቀት ነው! ሰዓቱ ካለፈ ስንት ጊዜው።»

«ቲክቶክ ላይ ለቅቄዋለሁ፤ ሰው በሳቅ ሞተ» አለች ሰላም፣ ስልኳን እያሳየችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በማዳም ነበር። ለዚህ ሰውዬ ምን ሰበብ ይሰጡታል አልኩ። ጀሞ ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ሁላችንም እንነሳና በርሜልና ባሊ እንሞላለን። ረስተው ከፍተው ተኝተው ይሆናል አልኩ። የያዝኩትን ዘንቢል እንደያዝኩ መውጣት ጀመርኩ።

የመጀመሪያውን ደረጃ ሳልጨርስ እግሬ ቆመ።

ዜማው የኔ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ልጇን የምትጠራው እናት። ከዚያ ልምምድ ወዲህ እኔም አልዘፈንኩትም፣ እሳቸውም በፊቴ አንስተውት አያውቁም። ትንፋሻቸው አጭር ሆኗል። አንዱን ሐረግ ብለው ረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። ቀጥለው ያንኑ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ቃሉ ግን የኔ ግጥም አይደለም።

«ፀጥ በሉ!» አልኩ ወደ ታች።

«ምነው እማማ?» አለች ሰላም።

«ፀጥ በሉ አልኩ!»

ድምፁ ደግሞ መጣ፤ አናባቢው ሁሉ ተለጥጦ፣ ተጎትቶ፣

«ወድ…ቄ…ያ…ለሁ… እግ…ሬ ተሰ…ብሯል… በሩን ስበ…ሩልኝ…»

በአማርኛ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በአማርኛ ነበር። ሰው ሲያልፍ፣ ሰው ሲወርድ፣ ሰው ሲስቅ፣ ሰው ሲቀርጽ በአማርኛ ነበር የሚጣሩት። ማዳም ፈረንጅ ስለሆኑ ቋንቋው የፈረንጅ ነው ብለው ሰዎቹ ቃሉን ለመስማት እንኳ አልሞከሩም። ሰውዬው ሲያንኳኳ ድምፃቸውን የጨመሩት «እዚህ ነኝ» ለማለት ነበር። እሱ ንቀት ነው ብሎ ወርዶ ወንበር አወጣ።

ዘንቢሉን ጣልኩት። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። የብረት በሩን በመዳፌ ደበደብኩት።

«ማዳም! የሺ ነኝ!»

ዘፈኑ ቆመ። ከወለሉ አካባቢ፣ በጣም ቀጭን ሆኖ፣ «መጣሽ?» አሉ።

«ምን ሆኑ?»

«ውሃ ስቀዳ አዳለጠኝ። ዳሌዬ ነው መሰለኝ። ስልኩ መኝታ ቤት ነው፣ አልደርስበትም። የሺ፣ በርዶኛል። ውሃው ላይ ነው የተኛሁት።»

«ለምን አልጮኹም?»

«ጮህኩ እንጂ። ጩኸት ጉሮሮ ይቀድዳል፣ ቶሎ ያልቃል። በዘፈን ግን እስከ ማታ እችላለሁ ብዬ ነው። አሁን ግን የምችል አይመስለኝም።»

«በቃ አይናገሩ። ትንፋሽዎን ይያዙ።»

ዞር ስል አቶ ፈቀደ ከኋላዬ ደርሷል፤ ሰላምና ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች ተከትለውታል።

«ወድቀው ነው» አልኩ። «እግራቸው ተሰብሯል። በሩ ይሰበር።»

«እስኪ እንረጋጋ» አለ። «የሰው በር ዝም ብሎ አይሰበርም። መጀመሪያ ፖሊስ ይጠራ፤ ኮሚቴውም ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ነገ ዕቃ ጠፋ ቢባል ማን ይጠየቃል?»

«ሰው እየሞተ ነው'ኮ የምልዎት!»

«እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

«አቶ ፈቀደ፣ ከጠዋት ጀምሮ ‘ወድቄያለሁ’ እያሉ ነው። ይስሙ!»

«እኔ የሰማሁት ዘፈን ነው» አለ። «ቃሉ አይሰማም።»

ይህን አለ። ያንኑ ሁለት ቃል፣ በዚያው አፉ።

እኔ ሰው የማከብር ሴት ነኝ። ከሱ ጋር አንድ ብሎክ ውስጥ ስኖር በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ» ብዬዋለሁ፤ እርስዎ ብዬዋለሁ። በዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ከአፌ ጠፋ።

«አንተ! ዞር በል ከበሩ!»

«ምን አልሽኝ?»

«ዞር በል! ያኔ ከመድረክ አወረድከኝ፤ ወረድኩልህ። ከዚህ በር ግን አታወርደኝም። ሰላም፣ ታች ብየዳ ቤት ሩጪ፣ ግርማን ጥሪው፣ መቁረጫውን ይዞ ይምጣ!»

«መብራት የለም'ኮ እማማ፣ መቁረጫው አይሠራም» አለች ሰላም። ማልቀስ ጀምራለች።

«ዲጂኖ ያምጣ!» ሰላም ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

አቶ ፈቀደ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ እጁን ዘረጋ። «እኔ ሰብሳቢ ሆኜ ይህ በር አይነካም!» አለ። አብረውት የወጡት ሰዎች አንገታቸውን ደፉ። ጎበዝ ጎበዝ ወንዶች ናቸው። አንድ ሰው አልተነቃነቀም። የማዳም ድምፅ ከበሩ ኋላ ጠፍቷል።

የማደርገው አልነበረኝም። አፌን ከፈትኩ።

ኡኡታ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኔ ግን ከጉሮሮ አልወጣም። ከሆዴ ነው የወጣው፤ አርባ ዓመት ከተቀመጠበት። «ኡ!» ስል ግድግዳው መለሰው። ከአምስተኛ ፎቅ በር ተከፈተ፤ ከጎን ብሎክ በር ተከፈተ፤ ታች ሱቅ የቆመው ሰው፣ ዝናብ የተጠለለው፣ ሚኒባስ የሚጠብቀው፣ ሁሉም ወደኛ ደረጃ ሮጠ። ግርማ በዚያ መሐል ዲጂኖውን ተሸክሞ ደረሰ። ሰውዬውን ማንም አልመታውም፤ ሕዝቡ ሲገባ ራሱ እንደ ጆንያ ወደ ጥግ ተገፋ። በሩ በሦስተኛው ምት ተነቀለ።

ማዳም በኮሪደሩ ወለል ላይ፣ የፈሰሰው ውሃ መሐል፣ በጎናቸው ተኝተዋል። ባሊው ተገልብጧል። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። ነጠላዬን አውልቄ ሳለብሳቸው ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ዘገየሽ» አሉኝ።

«ፉሪ ነበርኩ ማዳም።»

«እሱን አይደለም። ያን ‘ኡ’ ነው የምልሽ። የዛሬ አርባ ዓመት ነበር መውጣት የነበረበት።» ግርማና ሌሎቹ በብርድ ልብስ ሲያነሷቸው በሕመም ጥርሳቸውን ነክሰው፣ «ትከሻሽን ደግሞ አንስተሻል፤ ባላይሽም ያስታውቃል» አሉ።

ሆስፒታል የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ተገኘ። በብረት ተጠገነ። ሊገድላቸው የነበረው ግን ብርዱ ነው፤ ሳንባቸውን ያዘው። ብዙ ቆይተው ወጡ። ድነዋል፤ በከዘራ ይሄዳሉ። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ሲያወሩ ደረቅ ቅጠል እንደሚረገጥ ነው የሚሰማው። አሁን ብሎካችን ጠዋት ጠዋት ፀጥ ያለ ነው። አንዳንዷ «ውይ፣ ናፈቀን» ትላለች። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ሰላም አንድ ማታ ቤቴ መጣች። የቀረጸችውን እንደገና ከፍታ፣ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ቃል በቃል አዳምጣዋለች። «እማማ፣ ሁሉም ይሰማል'ኮ» አለችኝ። «ሁሉም ቃል ይሰማል። እኔ እየሳቅኩ ነበር የቀረጽኩት።» ከቲክቶክም አጠፋችው። እሷን ይቅር ብያለሁ። ደግማ አዳምጣለች፤ ያቺ ልጅ ቢያንስ ደግማ አዳምጣለች።

አቶ ፈቀደ ግን ለዕርቅ ሽማግሌ ፈለገ። ሦስት ሽማግሌዎችን ይዞ ማዳም ቤት መጣ፤ እኔም ተጠራሁ። አንደኛው ሽማግሌ ስለ ጉርብትና ረጅም ነገር ተናገሩ። ጎረቤት ከሩቅ ዘመድ ይበልጣል፣ ሰይጣን በመካከል ገብቶ ነው፣ አቶ ፈቀደም ክፉ አስበው አይደለም፣ ሕግ ለማስከበር ብለው ነው፤ እና የመሳሰለው። ሰይጣን ያን ጠዋት ፕላስቲክ ወንበር ላይ ዣንጥላ ይዞ ተቀምጦ እንደነበር ልናገር ምንም አልቀረኝም፤ ማዳም በዓይናቸው ያዙኝ።

ሽማግሌው ሲጨርሱ ማዳም ወደ አቶ ፈቀደ ዞሩ።

«ያን ጠዋት ምን እያልኩ ነበር?» አሉት።

«እንግዲህ… እርዳታ መሰለኝ» አለ።

«በቃሉ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ወድቄያለሁ… በሩን ስበሩልኝ» አለ፣ ወለሉን እያየ።

«አልተሰማኝም። እኔ አሁን ጆሮዬም ደክሟል።»

«ወድቄያለሁ፤ በሩን ስበሩልኝ።»

«አንዱን ዘለሉት።»

«ወድቄያለሁ፤ እግሬ ተሰብሯል፤ በሩን ስበሩልኝ!» አለ ጮክ ብሎ። ከውጪ ደረጃ ላይ የነበረ ሰው እርምጃ ሲያቆም ተሰማኝ።

«አዎ» አሉ ማዳም። «እንደሱ ነበር። ይቅር ለእግዚአብሔር።»

ሽማግሌዎቹ ተነፈሱ። «እግዜር ያክብርልን» አሉና ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። «ወይዘሮ የሺስ? እርስዎም ቅር ብሎዎታል አሉ። ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉና እንመራረቅ።»

«እኔም እንደ ማዳም አንድ ነገር ልጠይቀው» አልኩ። «ያን ቀን ከመድረክ ስታወርደኝ የምዘፍነው ምን ነበር?»

ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱን በደንብ ተመለከትኩት፤ ውሸት ፈልጌ ነበር። አልነበረበትም።

«የቱ መድረክ?» አለኝ።

አላስታወሰም። ያሸማቀቀኝን ቀን፣ እናቴን እግሬ ላይ የጣላትን ቀን፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ደብዳቤ እየተየብኩ እንድኖር ያደረገኝን ቀን። ለሱ ከሰዓት በኋላ የተደረገ አንድ ልምምድ ነበር፤ «ውረጂ» ብሎ፣ ወደ ቤቱ ሄዶ፣ ራቱን በልቶ፣ ረስቶታል። እኔ በደረጃው ባለፈ ቁጥር ያ መድረክ ሲመጣብኝ፣ እሱ ለካ የሚያየው ዘንቢል የያዘች ጎረቤት ብቻ ነው።

«ያለፈ ነገር ይቅር ወይዘሮ የሺ» አሉ ሽማግሌው። «ሰውየውም አላስታውስም እያሉ ነው።»

«ይቅርታ የሚጠይቅበትን የማያውቅ ሰው ምኑን ነው ይቅር የምለው?» አልኩና ተነሳሁ። የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰበሰብኩ። የአንደኛው ሽማግሌ ገና አላለቀም ነበር፤ እሱንም ወሰድኩት።

ሰው ከዚያ ወዲህ ክፉ ሴት ይለኛል። በዚህ ዕድሜዋ ቂም ይዛ ወደ መቃብር ትወርዳለች ይሉኛል። ይበሉ። እናንተ የምታነቡኝ ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ በብሎካችሁ፣ በግቢያችሁ፣ «አይ፣ እሷ ልማዷ ነው» ብላችሁ የምታልፏት ሰው የለችም? ከላይ የሚመጣውን ድምፅ «አይገባኝም» ከማለታችሁ በፊት አንድ ደረጃ ውጡ። ቆማችሁ ስሙ። ምናልባት በቋንቋችሁ ነው የምትጠራችሁ።

እኔን የለወጠኝ ይህ ነው፤ ዝም ማለት ጨዋነት ነው ብዬ ነበር የኖርኩት። አሁን አልልም። ሕዝብ በተሰበሰበበት የማይገባኝን ውሳኔ ሲያነቡ እጄን አነሳለሁ፤ ማይክሮፎን ሲያቀብሉኝ አልቀበልም፤ የኋላው ወንበር ድረስ ይሰማል። ከዚያ በኋላ በተደረገው የኮሚቴ ምርጫ አቶ ፈቀደ እንዳይመረጥ የተናገርኩትም እንደዚሁ ነው፤ አልተመረጠም።

አንዳንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁሞኝ፣ «ለመሆኑ የቱ መድረክ ነበር? እስኪ ያስታውሱኝ» ይለኛል። እንቅልፍ እንደነሳው ያስታውቃል።

አልነግረውም። ራሱ ያስታውስ።